ድሩ የባሕር ዳር፣ ማጉ የእናቴ

ደብረ ታቦር ብርዷ አይጣል ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍታው ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ደግሞ ንፋሱን ይልክባታል። እንዲህ ባለ አገር ልብስ ከጌጥነቱ በፊት የነፍስ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ፣ እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ፣ ምጣድና ድስት ያለበት ቤት ሁሉ እንዝርት ነበረው።

ጥጡ የእኛ አይደለም፤ ደጋ ጥጥ አያበቅልም። ከቆላ ተጭኖ ይመጣና ገበያ ላይ ከነፍሬው ይሸጣል። እናቴ ከከረጢቱ ሥር እጇን ሰድዳ ከላይኛው ያነሰ እንዳይሆን አውጥታ ታያለች፤ ጥቂቱን በጣቶቿ ሳብ አድርጋ ርዝመቱን ካላየች አትገዛም። ቤት ሲደርስ ፍሬው በመዳመጫ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ኩራዙ አጠገብ ትቀመጥና እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቃታለች። አመልማሎውን የያዘው እጇ ወደ ላይ እየራቀ ሲሄድ ክሩ እየቀጠነ ይወጣል፤ መልሳ ትጠመጥመዋለች፣ እንደገና ታሾራለች። ክሩ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን በምራቋ እርጥብ አድርጋ ትቀጥለውና የቱ ጋ እንደተቀጠለ አይታወቅም። በሰንበትና በበዓል እንዝርት አይነካም። በሌላው ቀን ግን እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም፤ ጎረቤት ቡና ስትጠራ እንኳ እንዝርቷን ይዛ ነው የምትሄደው።

ልቃቂቱ ሲበረክት ወደ ሸማኔ ይኬዳል። የእኛ ሰፈር ሸማኔ ከቤታቸው ጎን በቆፈሩት ጉድጓድ እግራቸውን ከትተው የሚውሉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ፈትሏን አስመዝና ትሰጣለች፤ ጋቢው ሲያልቅም ይመዘናል። ሁልጊዜ ክርክር አለ።

«አያ፣ ፈትሌ ጎድሏል።»

«እመት፣ ተቆርጦ የሚቀረውስ ጫፍ? ይኸው፣ አንዱንም አልጣልኩት» ይሉና ቁርጥራጩን ከአጠገባቸው አንስተው ያሳዩአታል።

እሷም ቁርጥራጩን ትቀበላለች፤ ለኩራዝ ክር ይሆናል። ከታኅሣሥ ጀምሮ እሳቸው ፋታ የላቸውም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ እህሉ ከአውድማ በገባ ማግስት አገሩ ሁሉ ልቃቂቱን ተሸክሞ ደጃቸው ይሰለፋል። ነጠላው፣ ኩታው፣ አራት እጥፉ ጋቢ፣ ለአልጋ የሚሆነው ቡልኮ፣ ሁሉም በዚያች ጉድጓድ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሽማግሌው የሠሩትን ጋቢ የለበሰ ሰው ግን ልጁን ለልጃቸው አይድርም። ይህ ንቀት ሙያ ባልታወቀበት አገር የመጣ አይደለም። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያ ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ አለ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ 70 ዓመት አልፎትም «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን የሸማኔ ስድብ፣ ሽማግሌው እየሰሙ፣ በእኛው ሰፈር ልጆች አፍ ሰምቻለሁ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሙያው የተመናመነው ገበያ ስላጣ ብቻ ነው ሲባል አልቀበልም፤ የሸማኔ ልጅ ጉድጓዱን ጥሎ የሄደው ስድቡንም ሽሽት ነው።

እናቴ የምትፈትለው ማጉን ነበር፤ ድሩ ከባሕር ዳር ይመጣል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተሠራለትና ፏፏቴው የፋብሪካውን ማሽን ማዞር ጀመረ። እኛ ዘንድ ስሙ የሚነሳው በአቡጀዲውና በድሩ ነው። የፋብሪካ ክር እኩልና ጠንካራ ስለሆነ መወጠሩን ይችላል፤ የእጅ ፈትል ደግሞ ልስልስ ብሎ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ሸማኔው የፋብሪካውን ለድር ወጥሮ የእናቴን በማግነት ያስገባበታል። ድር ከገበያ የሚጠፋበት ወቅት ነበር፤ ያኔ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ፣ እናቴም ልቃቂቷን ቆጥራ መልሳ ታስቀምጣለች። ፋብሪካ መጥቶ የእጅ ሥራን ገደለ የሚል ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ያ ዘመን ትዝ ይለኛል። እኛ አገር ፋብሪካውና እንዝርቱ ባልንጀሮች ነበሩ፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይተኛል።

ባናው ደግሞ ለብቻው የሚወራለት ነው። በገበያ ቀን ከጉና ሥር የሚወርደው የፋርጣ ገበሬ ጋቢ ብቻውን አይበቃውም፤ ከበጎቹ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርባል። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተፍታትቶ ይፈተላል፤ ከዚያ ይሸመናል። ጥቁርና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ማንም አልነከረውም። ሲነኩት ይኮሰኩሳል፣ ሲሸከሙት ይከብዳል፣ ዝናብ የመታው እንደሆነ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ግን ሌሊት አውሬ ለሚጠብቅ እረኛ ከእሱ የሚሻል ነገር አልነበረም። አንድ ባና ለአባት አገልግሎ ለልጅ ይተርፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለዚህ ጠጉር ደብረ ታቦር ላይ ማጠቢያ ወይም መፍተያ ልትከል ያለ አንድም ሰው አልመጣም። የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው ደብረ ብርሃን ነው፤ የጉና በግ ከነጠጉሩ ተረሳ።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት መንገድ በከተማችን ያልፋል፤ እህሉን ያወጣው መኪና ሲመለስ የተሰፋ ልብስ ይዞ ይገባ ጀመር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰልባጁ በቦንዳ መጣ። ኮትና ሹራብ ከአንድ ጋቢ ድር ዋጋ ባነሰ ሲገኝ ድሀውን እንዴት አትግዛ ትለዋለህ? ከዚያ አበባ የታተመበት የውጭ ብርድ ልብስ ቡልኮውን ከአልጋ አወረደው። በመጨረሻም በማሽን የታተመ የጥበብ ቀሚስ አምሳያ ከውጭ መጥቶ የሸማኔውን የራሱን ሙያ ተሻማው። ባሕር ዳር ያለው ፋብሪካም በአሮጌ ማሽን ከዚህ ሁሉ ጋር መወዳደር ነበረበት።

መንግሥት ጨርቃ ጨርቅን ችላ አላለውም፤ ዓይኑን የጣለው ግን ወደ ውጭ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008፣ የኮምቦልቻው በ2009 ተመረቀ። ሥራው ጨርቁንና ክሩን በብዛት ከውጭ አምጥቶ፣ እዚህ ሰፍቶ መልሶ መላክ ነበር። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ስትሰርዛት በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች እንጀራ ተናጋ። ለእነሱ አዝኛለሁ፣ አሁንም አዝናለሁ። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፣ ግማሽ ዓመት የሚበርደው ደጋ ያለው አገር ገዢ ፍለጋ ውቅያኖስ መሻገሩ ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። የጉና ገበሬ ልብስ ይገዛል። ፋብሪካዎቹ ማን ነው የሚለብሰው ብለው ሲቆጥሩ ግን አልተቆጠረም።

ተስፋ የለም አልልም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ደብረ ታቦርም ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ጋቢ ዛሬም ለሙሽራ አባት ይሸለማል፣ ለለቀስተኛ ይደረባል፤ ፈላጊው አልጠፋም። የጠፋው ጥሩ ድር ነው። በማይዋዥቅ ዋጋ፣ ሳይቋረጥ ለሸማኔ የሚደርስ የአገር ውስጥ ድር ቢኖር ገና ያልተደፈኑ ጉድጓዶች አሉ። ለበጉ ጠጉርም ቢሆን ትልቅ ፓርክ አያስፈልግም፤ ማጠቢያ ገንዳ፣ ጠጉር የሚያፍታታ ማሽንና ዋጋ ቆርጦ የሚረከብ ማኅበር ይበቃል። ባና ሠርተው የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ቢጀመር፣ እጃቸውን አይተው የሚማሩ ልጆች ይገኛሉ።