የዛፍ ውሃ
ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

በካናዳ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችን ለጥየቃ በመጣ ጊዜ ለቤተ ሰባችን አንድ ጠርሙስ አበረከተልን። መልኩ የጠራ ማር ይመስላል፤ ጣዕሙ ግን ከማር የተለየ ነው። ይህ ንብ ያልሠራው፥ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ግንድ ተቀድቶ የተፈላ ነው ብሎ ቢነግረን ትልቁም ትንሹም ተደነቀ። ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን በልቡ ያኖረው የ13 ዓመት ልጃችን ነበር።

በታኅሣሥ ወር ከአንኮበር ከአማታችን ዘንድ፥ «ልጅህ ወይራዬን ወጋው፤ መጥተህ እይ» የሚል ቃል ደረሰን። እኛም በማግሥቱ ልጁን ይዘን ማልደን ከደብረ ብርሃን ተነሣን።

ደብረ ብርሃን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚደርስ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። በዚያም ጧት የታጨደው የገብስ ማሳ በውርጭ ነጥቶ፥ እረኞች ባና ተከናንበው፥ በጎቹም በካቡ ሥር ተጠጋግተው ፀሐይን ይጠብቁ ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ውርጩ ወዲያው ቀልጦ ሜዳው ሁሉ ሞቀ። ልጁ ይህን እያሳየን፥ «አባባ፥ ሜፕል የሚፈስሰው እንዲህ ሌሊት ሲበርድ ቀንም ሲሞቅ ነው ይላል መጽሐፉ» አለን። ነገሩን ያለ ምክንያት እንዳላደረገው ያን ጊዜ ተረዳን።

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕር ዛፍ እዚህም እዚያም ከቆመበት ደጋ ታልፎ ከገደሉ አፋፍ ሲደረስ ምድር በድንገት ወደ ታች ትዘቀዝቃለች፤ ከጉም በታች የአፋር ቆላ በሩቁ ይታያል። በስተ ሰሜን የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱ፥ ዝግባው፥ ወይራውና ኮሶው ገደሉን ይዘው ቆመዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ያስተዳደሩባት አንኮበርም በኮረብታዋ ላይ የጥንቱን ግቢ ፍራሽ ይዛ ትታያለች።

ከአማታችን ግቢ በደረስን ጊዜ ወይራው በአምስት ስፍራ ተበስቶ፥ በየቀዳዳው ሥር አንድ አንድ ጣሳ ታስሮ አገኘን። በጣሳዎቹ ውስጥ ከትቢያና ከሁለት ጕንዳን በቀር ምንም የለም። አማታችን ይህን ወይራ የተከሉት በተዳሩበት ዓመት ነው። የወተቱንና የጠላውን ዕቃ ሲያጥኑ የኖሩት በእርሱ ቅርንጫፍ ነው። እርሳቸውም ግንዱን በእጃቸው እየዳሰሱ፥ «አንተ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነህ፤ የተከሳሹን ቃል ተቀበልና ጻፍ» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኛም ስለ እርሱ ያወቅነውን አስረዳን።

ሜፕል በብርድ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ነው። በሙቀት ወራት የሠራውን ምግብ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ብርዱ ሊያልቅ ሲል፥ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፥ ሌሊት በበረደው ጊዜ ግንዱ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ቀን ሲሞቅ ውስጡ ይጨናነቅና በተበሳው በኩል ያንጠባጥባል። የሚወጣው እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፤ ስኳሩ ከመቶው 2 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሊትር ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ማፍላት ያሻል። ጥበቡን አስቀድመው ያወቁት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከአውሮፓ የሄዱት ከእነርሱ ተማሩ። ለቤቱ ብቻ የሚሻ ሰው ጥቂት ዛፍ ይበቃዋል። ሆኖም ለመብሳቱ ልክ አለው። የግንዱ ስፋት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ ዛፍ አይበሳም፤ እዚያ ለመድረስም 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቀዳዳው ከትንሽ ጣት የጠበበ፥ ጥልቀቱም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለመካከለኛ ዛፍ አንድ ቀዳዳ ይበቃል፤ በሚመጣውም ዓመት ከአሮጌው ቁስል ርቆ ይበሳል። ወይራ ግን ቅጠሉን የማያራግፍ፥ ጠባዩም ሌላ የሆነ ዛፍ ነውና ውርጭ ቢመታው እንኳ ጣፋጭ ውሃ አይሰጥም።

አማታችን ይህን ሰምተው፥ «እንግዲያስ ልጁ የሰው አገር ዛፍ ጠባይ በእኔ ዛፍ ላይ ፈለገ» አሉ። ከዚያም ቡና አቅርበው እጣን በፍሙ ላይ ጨመሩ። ጢሱ ሲወጣ ሌላ ነገር አሳሰበን፤ በአገራችን ቆስሎ የሚሰጥ ዛፍ አለና።

የእጣን ዛፍ በመተማና በቋራ፥ በአበርገሌና በሑመራ ቆላ ይበቅላል። ዝናም ካቆመ በኋላ ሠራተኛው በተሳለ ብረት ቅርፊቱን በጥቂቱ ይልጠዋል፤ እንደ ወተት የነጣ ይወጣል፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉም ይታደሳል። ይህ እስከ ግንቦት ድረስ ይደጋገማል። የሚወጣው ሙጫ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበት ነው እንጂ እንደ ሜፕል የምግቡ ውሃ አይደለም። ቁስሉ በዝቶ ዕረፍት ያጣ ዛፍ ዘሩ ይመነምናል፤ በትልም ይጠቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን የተደረገ ጥናት፥ ከተመረመሩት ስፍራዎች ከሦስት አራተኛው በሚበልጡት ትንንሽ የእጣን ዛፎች እንዳልተገኙ፥ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገልጧል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፥ እሳትም ያቃጥለዋል፤ አሮጌው ግን በየዓመቱ ይቆስላል። ያ በፍሙ ላይ የጤሰው እጣን ተተኪ ከሌለው ዛፍ የተለቀመ ሊሆን እንደሚችል ስናስብ ቡናው በአፋችን ቀዘቀዘ።

ይህን ለአማታችን ብንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፥ «እንግዲህ ዛፍን የሚወጋው ልጅ ብቻ አይደለማ» አሉ። ከእጣኑም የተረፈውን አንሥተው በወረቀት ጠቀለሉት።

ቀዳዳዎቹን በጭቃ ልንደፍናቸው ብንነሣም፥ ንጹሕ ቁስልን ዛፉ ራሱ ቢዘጋው እንደሚሻል ስለምናውቅ ተውነው። ልጁ ጣሳዎቹን ፈታ፤ ፍርዱም በአያቱ አፍ ተሰጠ። በመጪው ክረምት ስለ አምስቱ ቀዳዳ አምስት የወይራ ችግኝ በግቢው ዳር ሊተክልና ከፍየል ሊጠብቅ ተስማማ። እርሱ ግን ከመውጣታችን በፊት፥ «ስንት ዓመት ይፈጃል እሜቴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እርሳቸውም ወይራውን እያዩ፥ «እኔ አልቆጠርሁም፤ አንተ ቁጠር» አሉት።