ብርሃኑ በዴዴሳ፣ እኔ በደጀን

እማ፣ ይህን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ ነው። አማርኛውን በኛ አፍ እየመለሰ፣ የከበደውን እየዘለለ ያነብልሻል፤ እንዳይዘል ተቆጪው። በጉሙዝኛ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ደብዳቤ መጻፍ የለመድኩት በአማርኛ ነው። በኛ አፍ የቀረኝ ማልቀስ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ወረቀት አይዘውም።

እንዴት ነሽ? ትከሻሽስ? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምልሽ፤ ካርዱም ቶሎ ያልቃል፣ አንቺም ትሰጊያለሽ። ዛሬ ግን የሚቆጥር ካርድ የለምና ልንገርሽ።

ብርዱ፣ እማ። የስድስት ኪሎ የኅዳር ሌሊት ብርድ ልብስ አይመልሰውም፤ ከሥሩ ገብቶ ጣት በጣት ይቆጥራል። እኛ አገር በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ምንጣፍ ደጅ አውጥተን፣ መሬቱን ውኃ ረጭተን፣ ሙቀቱን እየረገምን እንተኛ አልነበር? ያን የረገምኩትን አሁን ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ ጠፋኝ። እዚህ ሰው «ዛሬስ ሞቀ» ብሎ ጃኬቱን ሲያወልቅ እኔ ሹራብ እደርባለሁ። የዶርሜ ልጆች ይስቁብኛል፤ ክፋት የለባቸውም፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

መንገዱን ነግሬሽ አላውቅም። ስደርስ «ገባሁ» ብቻ አልኩሽና ዘጋሁት። ከጉባዋ ከማንኩሽ ግልገል በለስ፣ ከግልገል በለስ ቻግኒ፣ ከቻግኒ እንጅባራ። ደጋ የሚባለው እዚያ ነው የተቀበለኝ። ከዚያ ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን። ከደጀን በኋላ አስፋልቱ ገደል ይገባል። አውቶቡሱ ጥምዝምዙን ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ በመስኮት የሚገባው አየርም ቀስ በቀስ መሞቅ ጀመረ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ኧረ ወበቅ!» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግባሉ። እኔ ሹራቤን አወለቅኩ። ጭንቅላቴን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሩን ሳብኩት፤ የሞቀ ድንጋይ፣ የደረቀ ሣር፣ ከሩቅ የውኃ ሽታ። የኛ አገር አየር ነው፣ እማ! ጎጃምና ሸዋ መካከል ገደል ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት።

ከታች አባይ አለ። አሮጌው ድልድይና ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል። እኛ በአዲሱ አለፍን። ውኃው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ማለት ወደ ኛ ማለት ነው። እኔ ከጉባ ወጥቼ ወደ አዲስ አበባ፣ እሱ ከደጋው ወርዶ ወደ ጉባ፣ እዚያች ድልድይ ላይ ተላለፍን። ሰላም በልልኝ እንኳ ሳልለው ድልድዩ አለቀና ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ተያያዝነው፤ ብርዱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳጥብ የማንጎራጉራት ነገር አለች፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ከአፌ ነው የወጣችው፦

አንተ ቁልቁል ወርደህ፣ እኔ ሽቅብ ወጥቼ፣
በድልድዩ አለፍኩህ ባይኔ ተሰናብቼ።

ከጉባ ወደዚህ የመጣሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ብርሃኑም መጥቷል። የሱ መንገድ ሌላ ነው፤ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከሕዳሴ ግድቡ ተነስቶ በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይገባል፣ ከሆለታ ወዲህ ከተማው ነው። ቻግኒ አያድርም፣ ደጀን ላይ ጆሮው አይደፈንም፣ መታወቂያ አውጣ የሚለው ኬላ የለም። እኔ በመናኸሪያ ወንበር ላይ ያደርኩበትን አገር እሱ ዓይን ሳይርገበገብ ያቋርጠዋል። የዶርማችን ኮሪደር መብራት ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወጥቼ ከሥሩ እቀመጥና «አንተም ከዚያ ነህ» እለዋለሁ። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የምትማር ሲኒየር ይህን ብነግራት ከልቧ አዘነችልኝና ታስረዳኝ ጀመር፦ ከጉባውም፣ ከግቤውም፣ ከጣና በለሱም የሚመነጨው ኃይል በአንድ ቋት ይቀላቀላል፣ ይህ አምፖል የበራው በዚህኛው ነው ማለት አይቻልም አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን አልቀበላትም፤ ዘመድ ያጣ ሰው ከእውነት ጋር አይሟገትም፣ ዝም ብሎ ዘመድ ይፈልጋል።

ደግሞስ እዚህ ጉባን የማያውቅ አለ? ሁሉም ያውቃታል። የቢሮ ሠራተኛው የወር ደሞዙን ለግድቡ ሰጥቷል፣ ተማሪው በ8100 መልእክት ልኳል፣ ሊስትሮው ቦንድ ገዝቷል። የግድቡን ርዝመት ብትጠይቂያቸው 1,780 ሜትር፣ ኃይሉን 5,150 ሜጋ ዋት፣ ውኃውን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሉሻል፤ ከአፋቸው አይጠፋም። አንድ ማታ ግን አንዲት የዶርሜ ልጅ፣ ደግ ልጅ፣ ዳቦዋን ከኔ ጋር የምትካፈል፣ «ጉባ ሰው ይኖራል እንዴ?» አለችኝ። አልሰደበችኝም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። በቴሌቪዥን ያየችው ኮንክሪትና ውኃ ነዋ! በዚያ ላይ ራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች፣ ባንዲራ፣ አረፋ። አንቺን አላየችሽም። እኔ ግን ምን ብዬ ልመልስላት፣ እማ? «አዎ ይኖራል» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከተማ ስወጣ ደግሞ የታክሲ ረዳቱ መልኬን አይቶ «ጋምቤላ፣ ግቢ!» ይለኛል፤ በእንግሊዝኛ የሚያናግረኝም አለ። አገሬን በስሟ የሚያውቁ እኔን በመልኬ አላወቁኝም።

ልጅቷን ቀስ ብዬ ብነግራት ኖሮ እንዲህ እላት ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የምናውቀው ድምፅ የድማሚት ነው፤ መሬቱ ከሥራችን ሲንቀጠቀጥ ዶሮዎቹ ይበተናሉ፣ አንቺ ምጣዱን ትይዣለሽ። ግድቡ አንድ ሜትር ሲያድግ እኔ አንድ ክፍል አልፋለሁ እያልኩ እመካ ነበር። በ2012 ክረምት ውኃው ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘ፤ በየክረምቱ እየተኛ መጣ። በፊት ሐምሌ ላይ የሽመል ቡቃያ ፍለጋ የምንገባበት ጥሻ ሄደ። አንቺ ወርቅ ያጠብሽበት አሸዋ ሄደ። አያቴ የተቀበሩበት ጉብታ ላይ ውኃው ሲደርስ አንቺ እዚያ አልሄድሽም፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ ማሽላ ፈጨሽ፤ ቀኑን ሙሉ ፈጨሽ፤ ለሳምንት የሚበቃ ዱቄት። ሐይቁን ንጋት አሉት። ያማረ ስም ነው፣ አልጠላሁትም። እኔ ያለሁበት ክፍል በዚያ ንጋት ይበራል፤ መጽሐፌን የማነበው በሱ ነው። የሰፈሬን መስመጥ ስረግም መብራቱ ይታየኛል፣ መብራቱን ሳመሰግን የአያቴ ጉብታ ይመጣብኛል። ከሁለቱ በአንዱ ጸንቼ አንዲት ሌሊት ማደር አቃተኝ።

2013ን አልነግራትም። መተከል በኮማንድ ፖስት ሥር ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲሸሽ፣ ቻግኒ በተፈናቃይ ስትሞላ። ጉሙዙም፣ አገውም፣ አማራውም፣ ሺናሻውም ቀባሪ ሆኖ የከረመበት ዓመት ነው። አንቺም አታነሺውም። ወንድሜ፣ ይህን መስመር ብትዘልል አልቀየምህም።

እንዲያም ሆኖ ተማርን። በ2017 በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ከነሱ ውስጥ አንዷ የማንኩሽ ልጅ ነበረች። ውጤቱ በመጣ ጊዜ አንቺ ምንም አላልሽም፤ ከጨርቁ ቋጠሮ ያስቀመጥሻትን ወርቅ ፈታሽና ለነጋዴ ይዘሽ ሄድሽ። ውጤቱ ገና ሳይመጣ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እኔ ሻንጣ አልነበረኝምና ለጉዞው የማዳበሪያ ከረጢት እያጠብኩ ነበር። አገር እልል አለ፣ እኔም እልል አልኩ። የግድቡ ሥራ አለቀ፣ እኔ ደግሞ ልጀምር ነው።

አንድ ቀን በመስቀል አደባባይ አለፍኩ። ሰው ሁሉ ስለ አደባባዩ ስፋት ያወራል፤ እኔ መኪና የሚቆምበትን ጥግ ነው ያየሁት። የግድቡ ሥራ መሪ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 መኪናቸው ውስጥ ሞተው የተገኙበት። ሰባት ዓመት ያህል ከኛ ጋር በዚያ ሙቀት የኖሩ ሰው፣ ፊታቸው እንደኛ ፀሐይ የበላው፣ ሞት ሲመጣ አዲስ አበባ ላይ ያገኛቸው። የመርዶው ቀን ሠራተኞቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ትልልቅ ወንዶች። ታክሲው ውስጥ ሆኜ ማንንም ሳላስፈቅድ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለኝ።

ምግቡንም ትጠይቂኛለሽ። ካፌው እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው፤ ከረሃብ ያወጣል። ግን አንድ እሑድ «ገንፎ አማረኝ» ብል ዶርሙ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። «ማን ወለደ?» አሉኝ። እዚህ ገንፎ የአራስ ነው፣ እማ! እኛ ጠዋትና ማታ የምንበላውን እነሱ የሚበሉት ሰው ሲወለድ ነው። በማሽላ እንደሚሠራ፣ በባሚያ ወጥ እንደሚበላ፣ ባሚያውም እንደሚያሟልጭ ስነግራቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። ከወላይታ የመጣችው ልጅ ብቻ «አምጪና ልቅመሰው» አለች፤ እሷን ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ።

ቅድም ትከሻሽን የጠየቅኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ሻወር ቤት መስታወት አለ፤ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ያለችውን የጠነከረች ቆዳ አንዷ አየችና «ተቃጥለሽ ነው?» አለችኝ። የዘንጉ ምልክት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን ተከትዬ፣ ዘንጉን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ፣ ወደፊት እንጨት፣ ወደኋላ ውኃ፣ ሁለቱን ጫፍ አመዛዝኜ የሄድኩባት። ሸክሙ ሲመዛዘን አይከብድም ትይኝ ነበር፤ ጉልበትሽ ሳይሆን ሚዛንሽ ነው የሚሸከም። እዚህ መጽሐፍ የሚያዘው በጀርባ ቦርሳ ነው። ክብደቱ በሙሉ ወደኋላ ይጎትተኛል፤ ከፊት የሚያመዛዝነው ነገር የለም። ናፍቆት እንደዚያ ነው የሆነብኝ። ያቺ ቆዳ ደግሞ መለስለስ ጀምራለች፤ በጣቴ ስነካት ከሳምንት ሳምንት ትሳሳለች። ሌላው ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ማታ ማታ በምንጣፌ ላይ ሆኜ አለች እንደሆነ እዳስሳታለሁ።

ላይብረሪው ትልቅ ነው። ግቢው ጥንት ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ ለትምህርት ሰጡት። ዛፎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከሥራቸው ተቀምጦ ማንበብ ደስ ይላል። ሚድ ፈተናውን በደህና አልፌዋለሁ፤ ሒሳቡ ብቻ አስቸግሮኛል። መምህሩ ሲያስተምሩ ፈጣን ናቸው፣ የከተማ ልጆች ከዚህ በፊት የተማሩት ይመስል «አዎ፣ አዎ» ይላሉ፣ እኔም ሳይገባኝ አዎ እላለሁ። ማታ የወላይታዋ ልጅ ታስረዳኛለች። እኔ ደግሞ ልብሷን አጥብላታለሁ፤ ብርድ ስለምትፈራ ሳይሆን ስለማትችልበት።

አሁን የምልሽን ወንድሜ ደጋግሞ ያንብብልሽ። ሰኔ ላይ ፋይናል እንጨርሳለን። መንገዱ ሰላም ከሆነ በክረምቱ እመጣለሁ። ስመጣ ዓሣ አጥማጆቹን አስቀድማችሁ ለምኑልኝ፤ በጀልባ ሐይቁ ላይ ይውሰዱንና የአያቴ ጉብታ የት ጋ እንደነበር አሳዪኝ። ደሴት ሆኖ የቀረውን ኮረብታ ይዘሽ ቦታውን ለይተሽ እንደምታውቂው አውቃለሁ፤ ወንድሜም አብሮን ይምጣ፣ አንቺ ስታልፊ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። እስከዚያው ወደዚህ የሚመጣ ሹፌር ካገኘሽ የደረቀ ባሚያ ላኪልኝ፣ ጥቂትም ቢሆን ከነዘሩ፤ የማሽላ ዱቄት እዚህ መርካቶ አለ ብለውኛል፣ እሱን እኔ እገዛለሁ። የወላይታዋ ልጅ ድስት አላት። ፕሮክተሯ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለማትኖር ያኔ እናበስላለን።