ካርቱም ሳለን የወር አበባችን ለምን ቀረ?

ካርቱምን ያላየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ ሞግራን ነው፤ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ስለሚገናኙበት ቦታ። ውሃዎቹ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጥቂት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ያምራልም። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቻችን ዓመታት ኖረን ሞግራንን ያየነው ወደ ኡምዱርማን ስንሻገር በአውቶቡስ መስኮት ነው። የእኛ ካርቱም ደይም ነበር።

ደይም ከመሀል ከተማው ወደ ደቡብ ያለ አሮጌ ሰፈር ነው። በደርግ ዘመን ተሰደው የመጡት ወገኖቻችን ኖረውበታል፣ ከእነሱ በኋላ የመጣውም ዘመድ ፍለጋ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያው ነበር። እንጀራው አለ፣ ፀጉር ቤቱ አለ፣ የአማርኛውና የትግርኛው ዘፈን ከየበሩ ይሰማል። ዓርብ ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራው ዕረፍት ስናገኝ ከጅሬፍም ከሰሃፋም ተጠራርተን እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከውጭ ያለው ሙቀት ከአርባ ዲግሪ በላይ ቢሆንም እዚያች ክፍል ውስጥ አገራችን ያለን ይመስለን ነበር።

ታዲያ ወንዶቹ ሲወጡ ጠብቆ የሚነሳ አንድ ጨዋታ ነበር። «መጣልሽ?» «ኧረ እኔስ ሦስት ወር አለፈኝ።» «እኔ መተማን ከተሻገርኩ ወዲህ አላየሁትም።» አንዷ የካርቱም ውሃ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ምች ነው ትላለች፣ ድግምት ነው የምትልም አትጠፋም። ጭንቀት ነው ያለች ግን አልነበረችም። ጭንቀቱማ እንደ አየሩ ሆኖብን ነበርና ማን ያስተውለዋል!

ሻይ የምትሸጠዋ እህታችን ገና ጎህ ሲቀድ ከሰሏን፣ ጀበናዋንና ዝቅተኛ መቀመጫዎቿን ይዛ መንገድ ዳር ትወጣለች፤ ዓይኗ ግን ከብርጭቆው ይልቅ ከመንገዱ ጫፍ ነው። «ከሻ!» የተባለ እንደሆነ፣ ማለትም አፈሳ ሲመጣ፣ ዕቃው ይወሰዳል፣ እሷም ትወሰዳለች። ለዚህ ዓይነቱ አፈሳ ሲጠቀስ የኖረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በኅዳር 2012 ዓ.ም ተሰርዟል፤ ፍርሃቱ ግን በአዋጅ የሚነሳ አልነበረም። በሰው ቤት የምትሠራዋ ደግሞ የእንቅልፍ ሰዓቷን የሚወስኑላት አሠሪዎቿ ናቸው። በዚያ ላይ የኢቃማው ክፍያ፣ የደላላው ዕዳ፣ ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አለ። ምሳችን ብዙ ጊዜ ሻይ በዳቦ ነበር።

የወር አበባ ከማኅፀን የሚጀምር ይመስለናል። ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከአንጎል ነው። አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ክፍል በየተወሰነ ጊዜ ምልክት ትልካለች፣ በዚያ ምልክት ነው እንቁላሉ የሚዘጋጀው። ሰው ለወራት ሲሰጋ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ በቂ ምግብ ሳይበላ ሲደክም እንደ ኮርቲሶል ያሉት የጭንቀት ሆርሞኖች አይረጋጉም፣ የአንጎሉም ምልክት ይደክማል። ሰውነት «አሁን ለእርግዝና የሚሆን ጊዜ አይደለም» ያለ ያህል ነው። የወር አበባው ይዘገያል፣ ይዛባል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ይህ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የጦርነት ክረምት በተራበችው ሆላንድ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ቆሞ ነበር፤ ምግቡና ሰላሙ ሲመለስ መውለዱም ተመለሰ።

ነገር ግን የቀረ ሁሉ በጭንቀት ቀረ ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ለመንገዱ ስንነሳ፣ ምን እንደሚገጥመን ስለማናውቅ፣ የሦስት ወሩን መርፌ ተወግተን ነው የወጣነው። መርፌው ራሱ የወር አበባን ያስቀራል። ካቆሙትም በኋላ ለመፀነስ ዘጠኝና አሥር ወር፣ ለአንዳንዷም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። በደይም ትዳር ይዛ በስድስት ወሯ «መካን ናት» የተባለች ስንት አለች! ባሎችም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለናል፤ ልጅ ሲዘገይ ምክንያቱ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና ምርመራው ለሁለቱም ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም መጣ። ቅዳም ሥዑር ነበር። ለፋሲካው ሽንኩርት እየከተፍን፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችንም የረመዳንን መጨረሻ እየቆጠሩ ሳለ ተኩሱ ተነሳ። መብራቱም ውሃውም ጠፋ፣ ከበር መውጣት አልተቻለም። ኋላ በገዳሪፍ በኩል ስንወጣ ከመካከላችን እርጉዞችም አራሶችም ነበሩ። ከባድና የቆየ ጭንቀት እርጉዟ ያለ ቀኗ እንድትወልድ፣ ሕፃኑም ክብደቱ እንዲያንስ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ታውቋል፤ ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ የወለደችን እናት «አልተጠነቀቅሽም» ማለት ነውር ነው። አራሶቹ ደግሞ «ጡቴ ደረቀ» ይሉ ነበር። ፍርሃት ወተቱ ከጡት እንዳይወርድ ይይዘዋል እንጂ ወዲያው አያደርቀውም። ጋደም ብላ፣ ሕፃኑን ከገላዋ አስጠግታ፣ ቶሎ ቶሎ ብታጠባው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ለዚህ ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሌላውን ሥራ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል።

እዚህ ካምፕ ከገባን በኋላ የአንዳንዶቻችን ተመልሷል፣ የአንዳንዶቻችን ገና ነው። ገና የሆነባት ሴት አንድ ነገር አትዘንጋ፦ የወር አበባ ባይታይም ማርገዝ ይቻላል፣ እንቁላሉ የሚወጣው ደሙ ከመታየቱ በፊት ነውና። ሦስት ወር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። መጀመሪያ የሚታየው እርግዝና ነው፤ ከዚያ ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሕመምና ሌላውም ይታያል። የሆድ ሕመም ወይም ከመጠን ያለፈ ደም ካለ ደግሞ ያን ያህል አይጠበቅም። «ጭንቀት ነው፣ ይተውሻል» ተብላ ሳትመረመር የተመለሰች ካለች ተመልሳ ትጠይቅ። ስትሄድም መጨረሻ ያየችበትን ቀን፣ መርፌ ተወግታ ከሆነ መቼ እንደሆነ፣ ክብደቷ ቀንሶ እንደሆነና እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ አስባ ትሂድ። በወንድ አስተርጓሚ ፊት መናገር የከበዳት ሴት አስተርጓሚ እንዲመጣላት ትጠይቅ፤ ካልተገኘም የምታምናትን እህት ይዛ ትግባ።