ዝዋይ፣ ከዓሣ ጥብሱ በፊት

ቅዳሜ ማለዳ ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ከተነሱ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ለምሳ ዝዋይ ይደርሳሉ። ጥብሱን ከማዘዝዎ በፊት ግን ጀልባዎቹ ወደሚራገፉበት ዳርቻ ጎራ ይበሉ። ዓሣው ሲበለት የሚወረወረውን ሆድቃ አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል፤ ልጆች ከዚያ ንቅንቅ አይሉም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የዚህን ሐይቅ ዓሦች ሆድ ፈትሾ ነበር። ከተመረመሩት 35 በመቶዎቹ ፕላስቲክ ውጠው ተገኙ። ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ነገር ከሚለቅመው ቆሮሶ ይልቅ፣ ወደ ታች ወርደው ጭቃ የሚምሱት አምባዛና ካርፕ ብዙ ውጠዋል። ፀሐይና ማዕበል የሰባበሩት ፕላስቲክ ውሎ አድሮ ከደለሉ ጋር ይቀላቀላላ! ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም።

እኔ ማርኬቲንግ ነው የምሠራው፤ "ማሸጊያው ዓይን ይሳብ" ስል ነው የምውለው። ባለፈው ጉዟችን የብስኩቱን ላስቲክ ነፋስ ከልጄ እጅ ነጥቆ ሐይቁ ላይ ጣለው።

"እማዬ፣ ዓሣው ይበላዋል?"

ጫማዬን አውልቄ እስክገባ ቄጠማው ውስጥ ተሰወረ። አሁን ስንሄድ ምግቡን በምሳ ዕቃ፣ ውኃውን በፔርሙዝ እንይዛለን።

እርስዎ ግን ጥብሱን አይተዉ፤ ሆድቃው ወጥቶ ነው የሚቀርብልዎ። ያ ሆድቃ ከነፕላስቲኩ የሚደርሰው ለአባ ኮዳዎቹ ነው።