ጎረቤቶቻቸውን ያልተዉ መነኮሳት

በአልጄሪያ አገር፥ በአትላስ ተራራ ላይ፥ ቲብሂሪን የሚባል መንደር አለ። በዚያ የፈረንሳይ መነኮሳት ገዳም ነበራቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ግን እስላሞች ነበሩ። ወንድም ሉክ የሚባሉት መነኵሴ ሐኪም ስለ ነበሩ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1946 ዓመት ጀምሮ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ድኾችን ያለ ዋጋ አከሙ።

በኋላ በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በ1993 በልደት ዋዜማ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች ወደ ገዳሙ መጡ፤ ማንንም ሳይጐዱ ተመለሱ። መነኮሳቱም፦ እንሂድ ወይስ እንቈይ? ብለው ተማከሩ። እነርሱ የሚሸሹበት አገር ነበራቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ቈዩ።

አለቃቸው አባ ክርስቲያን፥ ቢሞቱ የሚነበብ ደብዳቤ ጻፉ። ገዳያቸውን አስቀድመው ይቅር አሉ፤ ስለ እርሳቸውም ሞት ሕዝቡ ሁሉ እንዳይወቀስ አሳሰቡ። በወጣትነታቸው በዚያው አገር ወታደር ሳሉ፥ አንድ እስላም ወዳጃቸው ከሞት አድኗቸው እርሱ ስለዚሁ ተገድሎ ነበርና፥ ይህን ከቶ አልረሱም።

በ1996 በመጋቢት ወር የታጠቁ ሰዎች በሌሊት መጥተው ሰባት መነኮሳትን ወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ መሞታቸው ተሰማ። አባ ክርስቲያንና የ82 ዓመቱ ወንድም ሉክ ከነርሱ ጋራ ነበሩ። ሰባቱም በገዳማቸው ተቀበሩ።

ልጆች ሆይ፥ ጎረቤትን መውደድ በደኅና ቀን ቀላል ነው፤ የሚፈተነው በመከራ ቀን ነው። አንድ ሰው ክፉ ቢያደርግ ወገኑን ሁሉ አትጥሉ፤ ከዚያው ወገን ስለ ወዳጁ የሚሞት ይገኛልና።