ሥራና ኳስ

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ «ኳሱን ልያዝ ወይስ ሥራ ልፈልግ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ብዙም ሳላስብ «ኳስ እንጀራ አይሆንም፤ ተወው» ብዬ መለስሁለት። ኋላ ግን ስለ አንድ የታይዋን ቡድን ሳነብ በመልሴ አፈርሁ።

ቡድኑ ታይፓወር ይባላል። የታይዋን የመብራት ኃይል ድርጅት ቡድን ሲሆን፣ መቀመጫው በደቡብ ያለችው የወደብ ከተማ ካውሹንግ ናት። ከተጫዋቾቹም የሚበዙት የዚያው ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። የእኛን መብራት ኃይል ቡድን የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በታይዋን የሕዝቡ ልብ ከእግር ኳስ ይልቅ ወደ ቤዝቦል ያደላል፤ ስለዚህ ጭብጨባ የናፈቀ ሰው ወደዚህ ሜዳ አይመጣም። ታይፓወር ግን የአገሩን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ ወስዷል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኳሳቸው ገና በማደግ ላይ የነበረ የእስያ አገሮች ክለቦች ለሚወዳደሩበት ለፕሬዚዳንት ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው በዚያው በካውሹንግ ተደረገ። ታይፓወር የካምቦዲያውን ፕኖም ፔን ክራውን 3 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። ውድድሩ ከ2014 በኋላ ስለ ቀረ፣ ይህን ዋንጫ ያገኘ የታይዋን ክለብ እርሱ ብቻ ነው።

አየህ አንባቢዬ፣ እነዚያ ሰዎች ደመወዛቸውንም ኳሳቸውንም አልጣሉም። ተማሪዬ ግን ምክሬን ሰምቶ የኳስ ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ አሉ። ነገ ከቤቱ ሄጄ «ተሳስቼ ነበር፤ ሁለቱንም ያዝ» ልለው ቆርጫለሁ።