ዳገት ላይ መነሣት

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ገበታ ብዙ ሲጻፍ አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ፔዳል ነው፤ ስለ ፍሪሲዮን። የመኪና ነገር የወንዶች ጨዋታ ነው ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ እናቶች ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ ከዕለት እንጀራ ጋር የተያያዘ ነው።

ባለቤቴ ለሠላሳ ዓመታት በሾፌርነት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የሠፈሩ ሰው ዲኤክስ በሚላት አሮጌ ቶዮታችን ጧትና ማታ የጎረቤት ልጆችን ትምህርት ቤት እያመላለሰ ቤታችንን ይደግፍ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የደም ግፊት ጣለውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የሚራመደው። ግራ እግር ደግሞ የፍሪሲዮን እግር ነው።

መንጃ ፈቃድ እኔም ነበረኝ። ከዓመታት በፊት አውጥቼ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የተማርኩትም የተፈተንኩትም በደልዳላ ሜዳ ነው፤ ቤታችን ግን ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል።

ሥራውን በተረከብኩ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት የጎረቤት ልጆችንና የራሴን ትንሿን ይዤ ስመለስ ዳገቱ መካከል ሰልፉ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። መንገዱ ሲከፈት ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፤ መኪናዋ አንድ ጊዜ ዘላ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣሁ፤ እንደገና ጠፋ። ከኋላዬ ክላክስ በክላክስ ሆነ። በሦስተኛው እግሬን ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሳዞር ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። የእጅ ፍሬን መኖሩን እንኳ ረስቻለሁ። ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ረዳት ዘሎ ወርዶ፣ «ፍሬን! ማዘር፣ ፍሬን ይያዙ!» እያለ ከጎማችን ሥር ድንጋይ ወረወረ። ስንቆም በሁለቱ መኪኖች መካከል የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። ልጆቹ አላለቀሱም፤ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከክላክሱ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ የሁለቱ ልጆች እናት ቤታችን መጥታ ቡናዋን ከጠጣች በኋላ፣ «ለጥቂት ጊዜ በታክሲ ይሂዱ፤ እስክትለማመጂ ድረስ» አለችኝ። ክፉ ቃል አልወጣትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ቢሆንም የዚያ ወር ገቢያችን ከእሷ ጋር በሩን ወጥቶ ሄደ።

እሑድ ጧት መንገዱ ጭር ሲል ልምምድ ጀመርን። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀመጠ። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጃችን ታኮ ይዞ በእግሩ ተከተለን፤ በቆምን ቁጥር ከኋላ ጎማ ሥር ያስገባል፤ ስንነሣ አንሥቶ ይሮጣል።

«ሞተሩ ሁልጊዜ ይዞራል፤ ጎማው ቆሟል» አለኝ ባለቤቴ። «የሚዞረውን ከቆመው ጋር የሚያገናኘው ሸራው ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ሸራው ከቮላኖው ይላቀቃል፤ ስትለቂው ይጣበቃል። በመላቀቅና በመጣበቅ መካከል የጣት ስፋት የምታህል ቦታ አለች። ያቺን ፈልጊ።» ከዚያም የእጅ ፍሬኑን እንደሳብኩ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፔዳሉን ቀስ እያልኩ ሳነሣ የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ከፍ እንደማለት አለና መቀመጫዬ ሥር ትንሽ መንቀጥቀጥ ተሰማኝ። «ይዟል! እግርሽን እዚያው አቁሚ። አሁን ነዳጅ ጨምሪ፤ ድምፁ ሲጠና የእጅ ፍሬኑን አውርጂ» አለኝ። ዓይኔን ገልጬ እንዳለኝ ሳደርግ መኪናዋ ሳትዘል፣ ወደ ኋላም ሳትል ወጣች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተሩ የሚጠፋብኝ ስለምፈራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እግሬን ስለማላቆም ነው! ሸራው መያዝ እንደጀመረ ፔዳሉን እለቀዋለሁ፤ ቆሞ የነበረው ክብደት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ይወድቅና ያንቀዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እንደኛዋ ያለ ባለ ካርቡራተር አሮጌ ሞተር እዚህ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ከሚሰጠው ነዳጅ ትንሽ መጨመር ግድ ነው።

ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መኪናዋን በእጅ ፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዤ ዳገት ላይ መቆም ለመድኩና አንድ ቀን ቤት ድረስ የተከተለን የተቃጠለ ሽታ የሸራው ሽታ ሆኖ ተገኘ። ማስቀየሪያው የአንድ ወር አስቤዛ በላ። ባለቤቴ አልተቆጣም፤ «እኔም ስጀምር አቃጥያለሁ» አለኝ። በትዳር ዘመናችን ይህን ሲናገር የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ልጄ ደግሞ በስልኩ የድራግ ሬስ ውድድር አሳየኝ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር ይሽቀዳደማሉ። «የገና ዛፍ» በሚሉት የመብራት ዘንግ ላይ ቢጫው በርቶ አረንጓዴው ይከተላል፤ ቀድሞ የተነሣ ቀይ ይበራበትና ይሸነፋል። ባለ ፍሪሲዮን መኪና የሚነዱት ሁሉንም ረግጠው የሚለቁ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን፣ «አይደለም እማዬ፤ ነዳጅ ካበዙ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ካሳነሱ ሞተሩ ይታፈናል። እነሱም የሚፈልጉት ያቺኑ አባዬ የሚላትን ቦታ ነው» አለኝ። አስቀድመው ጎማውን ባለበት እያሽከረከሩ የሚያጨሱትም አስፋልቱን እንዲይዝ ለማሞቅ ነው። እኔ እንኳ በከንቱ ጎማ የሚጨርሱ መስሎኝ ስቆጭ ነበር።

በዚህ ውድድር ስሟ የገነነ አንዲት አሜሪካዊት እንዳለችም ነገረኝ። ሸርሊ ማልዳውኒ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ቶፕ ፊውል የተባለውን ፈጣኑን ዓይነት መኪና ለመወዳደር ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 የዓመቱ ሻምፒዮን ነበረች። ወንድ ልጇም ከመካኒኮቿ አንዱ ነበር። ይህን ሲናገር ታኮውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። በ1984 በደረሰባት ከባድ አደጋ እግሮቿ ክፉኛ ተጎዱ፤ በ1986 ግን ተመልሳ ተወዳደረች።

ጋደም ብሎ ይሰማን የነበረው ባለቤቴ፣ «የትኛው እግሯ ነው የተጎዳው?» ሲል ጠየቀ።

«ሁለቱም» አለው ልጁ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አላነሣም። በማግሥቱ ጧት ግን ማንም ሳይደግፈው ከዘራውን ይዞ እስከ ግቢው በር ወጣ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። እነሱ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ሲረግጧቸው ይሄዳሉ። የእኛ ቤት ግን የምትተዳደረው በዲኤክሷ ነው።

ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ ጎረቤቴን ከፊት አስቀምጬ ዳገቱን ሁለት ጊዜ አመላለስኳት። ምንም አላለችኝም፤ ሰኞ ጧት ልጆቿ ቦርሳቸውን አንግበው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

የግቢያችን መውጫም ትንሽ ዳገት አለው። ባለቤቴ ጧት ጧት አልጋው ላይ ሆኖ ስነሣ ያዳምጠኛል፤ ማታ ስገባ፣ «ዛሬ ነዳጅ አብዝተሻል» ወይም «ቶሎ ለቀሽዋል» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ግን ምንም ሳይለኝ ራት ቀረበ።

«ዛሬስ እንዴት ነበርኩ?» አልኩት።

«እኔንጃ፤ መቼ ወጣሽ? አልሰማሁሽም» አለኝ።